ዘመድ ሳላማክር

ጋሽ ገብረየስ ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ጂኦግራፊ ሲያስተምሩ የኢትዮጵያንና የኬንያን ድንበር በቀይ ጠመኔ ሲያሰምሩ ኖሩ እንጂ አንድም ቀን ተሻግረውት አያውቁም። ከዲላ ወዲያ እንኳ አልዘለቁም። ታዲያ ያቺ ቀይ መስመር በስተርጅና ሐዋሳ፣ ምሥራቅ ክፍለ ከተማ ድረስ መጥታ የግቢያቸውን በር ታንኳኳለች ብሎ ማን ጠረጠረ?

ነገሩ እንዲህ ነው። ሴት ልጃቸው ኤደን ምዌንዳ የሚባል ኬንያዊ ወደደች። ልጁ ኢንዱስትሪ ፓርኩ ውስጥ የስፌት መኪና የሚጠግን ቴክኒሻን ነው፤ ሜሩ ከሚባል አገር የመጣ፣ ረጅም፣ ዝምተኛ፣ ቃሪያ ሲበላ እንባው እየወረደ «ጣፋጭ ነው» የሚል ጨዋ። ጋሽ ገብረየስ ልጁን አይጠሉትም። የጠሉት ርቀቱን ነው። «አንድ ቀን ወደ አገሩ ይዟት ይሄዳል» እያሉ በሆዳቸው ሲብሰለሰሉ ከረሙ። ኤደን «ለመልሱ ኬንያ ትሄዳለህ» ብላ በግድ ፓስፖርት ስታስወጣቸውና የቢጫ ወባ ክትባት ስታስወጋቸው እንኳ ፓስፖርቱንም ካርዱንም ኮሞዲኖ ውስጥ ወርውረው ነበር የቆለፉባቸው።

ሽማግሌዎቹ ሐሙስ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ መጡ። ምዌንዳ ፈረቃው ላይ ነው፤ ደግሞስ አግቢው ከሽማግሌ ጋር አይመጣ። ሁለት ናቸው። አንደኛው አጎቱ ሙዜ ኮሜ ናቸው፤ ሙዜ ማለት በእነሱ ዘንድ እንደኛው ጋሼ ማለት ነው። ሌላው አንድ ሸምገል ያሉ ፓስተር። ሁለት ቀን ተጉዘው፣ ሞያሌ ላይ ያለ ቪዛ ተሻግረው፣ ኮታቸውን ግጥም አድርገው፣ የሜሩ ሻይ ቅጠልና ማር በዘንቢል ይዘው ነው የመጡት።

እንግዲህ የእኛን አገር ሽምግልና ታውቁታላችሁ። ሽማግሌ «ተቀመጡ» ቢባል «ጉዳያችን ሳይፈጸም አንቀመጥም» ይላል። የልጅቷ አባትም በመጀመሪያው ቀን እሺ አይልም፤ በአንድ ቃል የሰጠ እንደሆነ «ምነው፣ ከበደችው እንዴ?» ተብሎ ይታማል። እንቢ ይላል፣ ሽማግሌ ይመለሳል፣ ሁለተኛ ይመጣል፣ ሦስተኛ ይመጣል፣ ከዚያ እልል ይባላል። ይህን የማያውቅ ማን አለ? እነዚያ ሁለቱ ሽማግሌዎች!

ጋሽ ገብረየስ በእንግሊዝኛ «ተቀመጡ» ቢሏቸው አመስግነው ቁጭ አሉ። ወይዘሮ ሸዋዬ፣ ባለቤታቸው፣ ከጓዳ ሆነው አፋቸውን በነጠላቸው ያዙ። ሙዜ ኮሜ ልጅቷን ለልጃቸው እንደሚፈልጓት፣ እንደ ራሳቸው ልጅ እንደሚይዟት በትሕትና ተናገሩ። ጋሽ ገብረየስ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ልጄ ገና ልጅ ናት» አሉ። ሃያ ስምንት ዓመቷ ነው። «ደግሞ ዘመድ ሳላማክር እሺ አልልም። ከሁለት ሳምንት በኋላ ተመለሱ።»

እስከዚህ ወግ ነው። እዚህ ላይ ቢያቆሙ ምን ነበረበት? ግን እንቢታው አፋቸው ላይ ጣፈጣቸው። «አገራችሁም ሩቅ ነው» ብለው ጨመሩበት። ማሩንም ከነዘንቢሉ መለሱ።

ሁለቱ ሽማግሌዎች ተያዩ። ተነሡ፣ እጅ ነሡ፣ «ገብቶናል» ብለው ወጡ።

ማታ ምዌንዳ ከፈረቃው ወጥቶ ስልኩን ከጥበቃ ተቀብሎ ሲከፍት የአጎቱ መልእክት ይጠብቀው ነበር። ፊቱ አመድ መስሎ ከኤደን ጋር መጣ፤ የምትናገረው ግን እሷ ነበረች።

«ሄደዋል፣ አባዬ። ከዚህ እንደ ወጡ መኪና ተኮናትረው ሞያሌ፤ አሁን ኬንያ ናቸው። ነገ ማታ በአሥራ ሁለት ሰዓት አውቶቡስ ወደ ሜሩ ይሳፈራሉ። እሁድ ቤተሰቡ በሙሉ ተሰብስቦ መልሱን ይሰማል። እዚያ ጉባኤ ላይ የተዘጋ ነገር ተመልሶ አይከፈትም።»

«ወግ ነው እኮ! አልነገርሻቸውም እንዴ?»

«ይሄ የሚነገር ነገር ነው? ሰው ሁሉ የሚያውቀው መስሎኝ!»

ጋሽ ገብረየስ ደወሉ። ሙዜ ኮሜ አልተቆጡም፤ ቢቆጡ በስንት ጣዕሙ። «ቂም የለንም። መልሱን ሰምተናል። ሰላም እደሩ» ብለው ዘጉ። ሁለተኛ ሲደወል አላነሡም።

ወይዘሮ ሸዋዬ ባላቸውን ትክ ብለው አዩ። «ገብሬ፣ እውነቱን ንገረኝ። ወጉን ነው የተናገርከው ወይስ ሆድህን?»

ጋሽ ገብረየስ መሬት መሬት አዩ። «ሁለቱንም» አሉ በመጨረሻ። አፈሩ። ወግ ነው ሲዳሩ ማልቀስ ይባላል፤ ኤደን ግን ያኔ አላለቀሰችም፤ የምዌንዳን ጃኬት እጅጌ ይዛ ቆመች። ብታለቅስ ይሻላቸው ነበር። ተነሥተው ኮሞዲኖውን ከፈቱ።

«ምን ልትሆን ነው?» አሉ ወይዘሮ ሸዋዬ።

«ሽማግሌ።»

«የሴት አባት ሽማግሌ ሆኖ ይሄዳል እንዴ? ሰው ምን ይላል?»

«ያሻውን ይበል። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ ስልክ አይመልሰውም።»

በማግስቱ ማለዳ ተሳፈሩ። ዲላን አለፉ፤ ከዚያ ወዲያ ያለውን በካርታ እንጂ በዓይናቸው አያውቁትም። ቡሌ ሆራ፣ ያቤሎ፤ እያንዳንዱን ከመድረሳቸው በፊት ስሙን ይጠሩታል፣ አጠገባቸው የተቀመጠው ሰውዬ ሹፌር የነበሩ መስሎት «ስንት ዓመት ነዱበት?» አላቸው። ያቤሎን እንዳለፉ ጎማ ፈነዳ። ሹፌሩ ሲቀይር እሳቸው ፀሐይ ላይ ቆመው ሰዓታቸውን ያያሉ፤ «አምላኬ፣ ጥፋቱ የኔ ነው፣ ልጄን በኔ አትቅጣት» ይላሉ። ሞያሌ ሲገቡ አሥር ሰዓት ተኩል ሆኗል።

ድንበሩ ላይ የሁለቱ አገር ሰዎች በአንድ አዳራሽ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። «ቪዛ አያስፈልግም፣ አባባ፤ ፓስፖርትና የቢጫ ካርድዎን ብቻ» አላቸው የኛው። ኬንያዊቷ ደግሞ «ለምን ጉዳይ ነው?» ስትል ጠየቀች።

ጋሽ ገብረየስ ለሽምግልና የሚሆን የእንግሊዝኛ ቃል ፈልገው አጡ። «ልጄን እንዲወስዱልኝ ልለምን» አሉ።

ሴትዮዋ ቀና ብላ አየቻቸው። ከዚያ ፓስፖርቱ ላይ ማኅተሟን መታችና «ይቅናዎት» አለች።

ወጥተው መሬት መሬቱን ፈለጉ። ያ ሁሉ ቀይ ጠመኔ ያለቀበት መስመር የታለ? አቧራ ነው፣ ባጃጅ ነው፣ ሙዝ የምትሸጥ ሴት ናት፤ ወዲያም ወዲህም ያው። «ይቺን ነው ለካ ስፈራ የኖርኩት?» አሉ ለብቻቸው።

ሽማግሌዎቹ ከአውቶቡሱ መነሻ አጠገብ ያለ ማረፊያ ግቢ ውስጥ ሻንጣቸውን እግራቸው ሥር አድርገው ተቀምጠዋል። ዘንቢሉም አለ። ጋሽ ገብረየስን ሲያዩ ፓስተሩ ደንግጠው ተነሡና ወንበር ሳቡላቸው።

«አልቀመጥም» አሉ ጋሽ ገብረየስ። ጉልበታቸው ከመንገዱ ብዛት አብጧል። «በእኛ አገር ሽማግሌ ጉዳዩ ሳይፈጸም አይቀመጥም። አባትም በመጀመሪያው ቀን እሺ አይልም፤ እንቢ ያልኳችሁ ልጄን ላከብራት ነው። ይህን ባለማወቃችሁ ጥፋቱ የኛ ነው። ‹አገራችሁ ሩቅ ነው› ያልኩት ግን ወግ አልነበረም። እሱ ፍርሃቴ ነው። አንድ ልጅ ናት ያለችኝ። እግራችሁ ላይ የምወድቀው ለዚያች ቃል ነው። ይኸው ስመጣ አየሁት፤ የአንድ ቀን መንገድ ነው።»

ሙዜ ኮሜ ከፓስተሩ ጋር በቋንቋቸው ተነጋገሩ። ብዙ ተነጋገሩ። ከዚያ ኮታቸውን አስተካክለው፣ ፊታቸውን ቋጠር አድርገው፣

«አቶ ገብረየስ» አሉ፣ «ዘመድ ሳላማክር እሺ አልልም። ከሁለት ሳምንት በኋላ ይመለሱ።»

ጋሽ ገብረየስ የራሳቸውን ቃል አወቁት። በሰው ደጅ ቆሞ እንቢ መባል እንዲህ ነው ለካ! ትናንት እነዚህ ሰዎች ይህን ተሸክመው ነው ያን ሁሉ መንገድ የተመለሱት። ቢሆንም አንገታቸውን ሰበር አድርገው «እሺ፤ እመለሳለሁ። ሦስተኛም እመጣለሁ» ብለው ወደ በሩ ዞሩ።

ሁለት እርምጃ ሳይራመዱ ፓስተሩ ሳቃቸው አመለጣቸው። ሙዜ ኮሜ ከኋላ ደርሰው ትከሻቸውን ያዟቸው። እሳቸውም እየሳቁ ነው፤ ዓይናቸው ግን እርጥብ ነው።

«እንዲህ ነው የሚባለው፣ አይደል? አሳመርኩት?»

«ገደሉኝ እኮ!» አሉ ጋሽ ገብረየስ፤ ወንበሩ ላይ ዝርፍጥ አሉ።

አውቶቡሱ በአሥራ ሁለት ሰዓት ያለ እነሱ ሄደ። ሙዜ ኮሜ ወንድማቸው ጋ ደውለው ጉባኤው እንዲቆይ ተናገሩ። «ከእርስዎ ጋር እንመለሳለን» አሉ፤ «አሁን ወጉን ካወቅነው በወጉ እንጠይቅ።» በማግስቱ ጠዋት ሦስቱም ሲሻገሩ ያቺው ኬንያዊት ነበረች። «ልመናው ተሳካ?» ብትላቸው ጋሽ ገብረየስ «ግማሹ» አሏት።

ቅዳሜ ከሰዓት ሐዋሳ ደረሱ። ጋሽ ገብረየስ ሽማግሌዎቹን ከበር ውጪ አቁመው ገቡ፣ ፊታቸውን ታጠቡ፣ ኮት ቀይረው እንደ አባት ተቀመጡ። ኤደን ከእናቷ ጋር ጓዳ ናት። በሩ ተንኳኳ።

«ግቡ። ተቀመጡ» አሉ ጋሽ ገብረየስ።

ሙዜ ኮሜ ዘንቢላቸውን አንጠልጥለው ቀጥ ብለው ቆሙ። ከያቤሎ ጀምሮ መንገዱን ሙሉ ሲያጠኑት የመጡትን አማርኛ አንድ በአንድ አወጡት፤ «ጉዳያችን... ሳይፈጸም... አንቀመጥም።»

ጋሽ ገብረየስ ሊመልሱ አፋቸውን ከፈቱ፤ እንባ ቀደማቸው። እጃቸውን ዘርግተው ማሩን ተቀበሉ።

«ሰጥቻለሁ» አሉ።

ጓዳ ውስጥ ኤደን እልል ልትል ስትል እናቷ አፏን ያዟት። «ኧረ ጉድ!» አሉ ወይዘሮ ሸዋዬ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው። «በአንድ ቃል? ዘመድ ሳታማክር?»

«አማክሬያለሁ» አሉ ጋሽ ገብረየስ፤ «ሞያሌ ድረስ ሄጄ።»