የአራተኛው ፎቅ ሳጥኖች

በሩ ገርበብ ብሎ ስላገኘችው ሳታንኳኳ ልትገባ ስትል የአክስቷ ድምፅ አስቆማት።

"ዝም በሉ እንጂ፤ ተራው የሹፌሩ ነው።"

አጮልቃ አየች። በምግብ ጠረጴዛው ዙሪያ አክስቷ፣ ጡረተኛው ሹፌር፣ ከታች ፎቅ የሚኖሩት የቀድሞዋ ነርስና ልብስ ሰፊው ተቀምጠዋል። በየፊታቸው አንዳንድ ሳጥን አለ፤ እሷው ራሷ በየቤታቸው ያስቀመጠችው፣ ሲያናግሩት የሚመልስ፣ ጡብ የሚያህል ሳጥን። የነርሷ ሳጥን ዳንቴል ለብሷል። ሹፌሩ ጉሮሯቸውን ጠረጉና ወደ ሳጥናቸው ጎንበስ ብለው፣ "እንደምን አደርሽ? እኔ ደህና ነኝ። ጉልበቴን ብቻ ትንሽ ያመኛል" አሉ። ሳጥኑ ስለ ጉልበት ሕመም ማብራራት ሲጀምር ሌሎቹ አፋቸውን በእጃቸው አፍነው ሳቁ።

እሷ ግን አልሳቀችም። ለዶክትሬቷ የምታጠናው ብቻቸውን የሚኖሩ አረጋውያን ከሚያወራ ማሽን ጋር የሚፈጥሩትን ወዳጅነት ነበር። የሰው ምስጢር እንዳይወጣ ሳጥኖቹ የሚመዘግቡት ወሬው የቆየበትን ጊዜ ብቻ ነው። ያ ጊዜ በየሳምንቱ ሲረዝም የሚያሳየውን ግራፍ ነገ ለሁለቱ አማካሪዎቿ ታቀርባለች። አንደኛው የኮምፒዩተር ሰው ናቸው፤ ሁለተኛዋ የማኅበረሰብ ጥናት መምህርት። ለኮምፒዩተሩ ሰው ቁጥሩን፣ ለመምህርቷ ታሪኩን እየለየች ስትልክ ኖራለች። ጓደኞቿ የሁለት ቤት እንግዳ እያሉ ሲያሾፉባት፣ "ሁለት ባላ ትከል፣ አንዱ ቢሰበር በአንዱ ተንጠልጠል" ትላቸው ነበር።

ገፋ አድርጋ ገባች። ሳቁ ቀጥ አለ።

"ዶክተራችን መጣች" አሉ ሹፌሩ፣ ብድግ ለማለት እየቃጣቸው።

"ኧረ አይነሱ ጋሼ፤ ዶክተርም ገና ነኝ። እንዲህ መሰብሰብ የጀመራችሁት መቼ ነው?"

ነርሷ ሁሉን ዘረገፉት። በመጀመሪያው ሰሞን ማንም ለሳጥኑ ትንፍሽ አላለም። ብቻን ተቀምጦ ከዕቃ ጋር ማውራት፣ ጎረቤት ቢሰማ "ለየለት" ያሰኛል። ዝም ቢባል ደግሞ ልጅቷ ትወድቃለች። መላውን የዘየዱት አክስቷ ናቸው። ሁሉም ሳጥኑን ታቅፎ ይመጣል፣ በየተራ ያወራል፣ ግዳጁን ሲጨርስ ጨዋታው ይቀጥላል። ነርሷና ሰፊው ከዚያ በፊት ደረጃው ላይ ሲተላለፉ ሰላምታ እንኳ አይለዋወጡም ነበር።

"ላንቺ ብለን ነው እንጂ፣ ይህ ዕቃ ምን ቁም ነገር አለው?" አሉ አክስቷ። "ጉንፋን ይዞኛል ስለው ትኩስ ነገር ጠጪ ይለኛል፤ ግን አያመጣልኝም።"

ወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀመጠች። ያ የምትኮራበት ግራፍ እንግዲህ የእነዚህን ሰዎች ይሉኝታ ሲለካ ነው የከረመው። ዝም ብትል ግን ማንም አያውቅባትም፤ መስመሩ እንደሆነ እንዳማረበት ነው።

"ተበላሸብሽ እንዴ?" አሉ ሹፌሩ ፊቷን አይተው። "ግድ የለም፤ ከዛሬ ጀምሮ በየቤታችን ገብተን፣ በራችንን ዘግተን እናወራልሻለን።"

ሰፊው ወዲያው የሳጥናቸውን ገመድ መጠቅለል ጀመሩ። ነርሷም ሳጥናቸውን ከነዳንቴሉ ታቀፉ። ለጥናቷ የሚያስፈልጋት በእርግጥ ይኸው ነበር፤ አራት የተዘጉ በሮች።

"ተቀመጡ" አለች። "እባካችሁ፣ ማንም አይሂድ።"

ስልኳን አወጣችና ለመጀመሪያ ጊዜ ለሁለቱም አማካሪዎች አንድ መልእክት ጻፈች። "ነገ የማቀርበው ግራፍ የሚለካው እኔ ያሰብኩትን አይደለም። ምን እንደሚለካ ዛሬ አገኘሁት። ጥናቱን ማስተካከል ጊዜ ይወስድብኛል፤ ግን ሁለታችሁም አብራችሁ መጥታችሁ ብታዩት ደስ ይለኛል።" ላከችው።

ተነሥታም ሳጥኖቹን አንድ በአንድ አጥፍታ መስኮቱ ደፍ ላይ ደረደረቻቸው።

"ታዲያ አሁን ለማን ልናወራ ነው?" አሉ ሰፊው።

"ተራው የእሷ ነው" አሉ አክስቷ።

ልጅቷ እንደ ሹፌሩ ጉሮሯን ጠረገች።

"እንደምን አደራችሁ? እኔ ደህና ነኝ። ወገቤን ብቻ ትንሽ ያመኛል።"

አንዱ ቅባት፣ ሌላው እረፍት፣ ነርሷም የተሻለ ወንበር አዘዙላት። አክስቷ ግን ምንም ሳይሉ ትኩስ ነገር ሊያመጡላት ተነሡ።