ድምፁ ሲቋረጥ

«ዞረብኝ ካለ አለቀ። ከዚያ በኋላ ማን ያምነዋል?»

ይህን ያለው የዚያን ጊዜው ፎርማን ይሁን መሐንዲሱ፣ ዛሬ በትክክል አያስታውስም። ሠላሳ ስምንት ዓመት አልፎታል። ያን ጊዜ አሸዋ የሚነፋ የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበር፤ በቆርቆሮው ቢሮ ጥላ ሥር ተቀምጦ ዳቦውን ሲገምጥ ነው ከግድግዳው ወዲያ የሰማው። «ትልቅ ሰው እኮ ነው» ያለም ነበር። «ትልቅነቱን ቤቱ ሄዶ ይሁን» የሚል መልስም ሰምቷል፤ ወይም እንደዚያ የሚመስል ነገር። ተሳስቆ ነበር ወይ ቢባል አያውቅም። የሚያውቀው አንድ ነገር ነው፤ የተወራበት የክሬን ሠራተኛ በማግስቱ አልመጣም። በሣልስቱም አልመጣም። የት ደረሰ ብሎ የጠየቀም አልነበረም።

አሁን የክሬኑ ሠራተኛ፣ ኦፕሬተሩ፣ እሱ ራሱ ነው። ከመሬት አርባ ሜትር ከፍ ብሎ፣ እንደ ቁም ሣጥን በጠበበች የመስታወት ካቢን ውስጥ ተቀምጦ፣ ሁለት እጆቹን በሁለቱ ሊቨሮች፣ በመንጃ ዘንጎቹ ላይ አድርጎ፣ ኮንክሪት የሞላ ባልዲ እያወረደ ነበር። ባልዲው አይታየውም፤ ከሊፍቱ ግንብ ጀርባ ገብቷል። እንዲህ ያለውን «የጨለማ ሥራ» ይሉታል። ዓይን ስለማይረዳ የሚሠራው በጆሮ ነው። ከታች የቆመው ምልክት ሰጪ በሬዲዮ «ና፣ ና፣ ና» እያለ ሳያቋርጥ ይናገራል። ማስነጠስ እንኳ አይፈቀድለትም። ድምፁ እስካለ ድረስ ባልዲው ይወርዳል፤ ድምፁ ከተቋረጠ ግን፣ ምክንያቱ ምንም ይሁን ምን፣ ከላይ ያለው ሰው ያን ጊዜውኑ እጁን ከሊቨሩ ያነሣል፤ ባልዲውም ይቆማል። «ቁም» እስኪባል አይጠብቅም። ከታች ያለው ሰው ሕይወት በዚያ ላይ ነው።

ምልክት ሰጪው ይህን «ና» ሲል አሥራ አንድ ዓመት ስለቆየ ስሙ ዘፋኙ ሆኖ ቀርቷል።

«ና፣ ና፣ ቀስ፣ ና፣ የኔ ቆንጆ፣ ና» እያለ ነበር ዘፋኙ።

ከኦፕሬተሩ ጀርባ፣ በታጣፊዋ ወንበር ላይ፣ ተለማማጇ ተቀምጣለች። ሃያ ሁለት ዓመቷ ነው። ድርጅቱ ዘንድሮ በጀመረው የወጣቶች ሥልጠና ከአራት መቶ አመልካቾች ተመርጠው ከገቡት ስድስት ልጆች አንዷ ናት። አርብ ትፈተናለች። እስከዚያ ባዶ መንጠቆ እንጂ ጭነት እንድታንቀሳቅስ አልተፈቀደላትም፤ ሥራዋ ማየት፣ መስማትና ያየችውን በደብተሯ መጻፍ ነው።

ኦፕሬተሩን ማዞር ከጀመረው ሦስት ሳምንት ሆኖታል። መጀመሪያ አልጋው ላይ ሲገላበጥ ጣሪያው አብሮት ተገላበጠ። ቀጥሎ ጎንበስ ሲል መጣበት። አንድ ቀን ጠዋት ሚስቱ የበሩን መቃን ሙጭጭ አድርጎ ይዞ አገኘችው።

«ምን ሆንክ?»

«ጫማው አዳልጦኝ ነው።»

«ባዶ እግርህን ነህ እኮ» አለችና ዝም ብላ አየችው።

ከሁለት ሳምንት በፊት ደግሞ ድርጅቱ ያቋቋመው የሠራተኞች ጤናና ደህንነት ክፍል ኃላፊ ሁሉንም ሰብስባ ነበር። ዘፋኙ የክፍሉን ስም ሲሰማ «እኛ ምን አጥፍተን ነው ደህንነት የመጣብን?» ብሎ ሰውን አሳቀ፤ ሴትዮዋም ራሷ ሳቀች። ከዚያ ወዲህ ስሟ «ደህንነቷ» ሆነ። በዓመት አንዴ ሙሉ ምርመራ እንዳለ ነገረቻቸው። «የሚያመው ሰው ይናገር። ስለተናገረ ከሥራው የሚወጣ የለም» አለች። ሁሉም አጨበጨበ። እሱም አጨበጨበ፤ ግን የምርመራ ቀጠሮውን ሁለት ጊዜ «ሥራ በዛብኝ» ብሎ አሳልፎ፣ የሦስተኛው ወረቀት ደረት ኪሱ ውስጥ ነበር።

አሁን ራሱን ወደ ግራ ዘወር ያደረገው የነፋስ መለኪያውን ለማየት ብቻ ነው።

ሰማዩ ተገለበጠ። መስታወቱ፣ የክሬኑ ረጅም ክንድ፣ ከሩቅ ያሉት ጣሪያዎች ሁሉ ወደ አንድ ጎን ፈሰሱ። ጆሮው ውስጥ እንደ ወፍጮ ያለ ጩኸት ተነሣ፤ ከዚያ ሌላ የሚሰማ ነገር ጠፋ። እጁ ሊቨሩ ላይ እንዳለ ያውቃል። ምን እያደረገ እንደሆነ ግን አያውቅም። ይህ የቆየው ለአንድ ትንፋሽ ይሁን ለአሥር ሊነግር አይችልም።

ከትከሻው በላይ አንድ እጅ አልፎ ቀዩን የማቆሚያ ቁልፍ መታ። ካቢኑ ተንቀጠቀጠና ቆመ።

«ጋሼ» አለች ልጅቱ። «ድምፁ ተቋርጧል።»

«አሁን ነው?»

«ቆይቷል።»

ሬዲዮው አጓራ። «አንተ ሰው፣ ተኛህ እንዴ?» አለ ዘፋኙ፤ ድምፁ ቀጥኗል። «ባትሪዬ ሞቶ ስቀይር እኮ ነው። ዝም ስልህ አትቆምም? ባልዲው ከልጆቹ ራስ በላይ አንድ ክንድ አይሞላም።»

ከባልዲው ሥር አራት ሰዎች ነበሩ፤ አካፋ ይዘው ኮንክሪቱን የሚጠብቁ።

«ላይ ምንድን ነው?» አለ ፎርማኑ በዚያው መስመር።

ኦፕሬተሩ አፉን ከፈተ።  ልጅቱ ሬዲዮውን ከፊቱ አነሣች።

«ነፋስ ነው። ድንገት መጣና ገፋን። አሁን አልፏል።»

«እሺ፣ ቶሎ በሉ፤ ኮንክሪቱ እየደረቀ ነው። ልጆቹ እዚያው ይጠብቁ።»

  ከታች፣ አጥሩ ላይ የተሰጡት ባዶ የሲሚንቶ ከረጢቶች አንዳቸውም አልተንቀሳቀሱም።

«ለምን ዋሸሽ?» አላት ሳይዞር። ራሱን ማዞር ፈርቷል።

«እርስዎን ብዬ።»

«ማን አዘዘሽ?»

«ማንም።» ቀጠለችና «ሐሙስ ዕለትም አይቻለሁ፤ መሰላሉ መሐል ቆመው ዓይንዎን ጨፍነው ነበር። ደብተሬ ላይ አልጻፍኩትም» አለች።

 እሱ የደበቀ መስሎት በነበረባቸው ቀናት ሁሉ እየታየ ነበር ማለት ነው።

«ለማን ነገርሽ?»

«ለእናቴ እንኳ አልነገርኩም።» ወንበሯን ወደ ፊት ሳበች። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «ጋሼ፣ እኔ ላውርደው። እርስዎ እንዳወረዱት ይባላል። እዚህ ላይ ማን ያየናል?» አለችው።

ማንም። እውነቷን ነው፤ ማንም አያይም። እጇ ጥሩ እጅ ነው፤ በስድስት ሳምንት ውስጥ እሱ በሁለት ዓመት የደረሰበት ደርሳለች። ባልዲውን ታወርዳለች፣ ይረሳል፣ እሱም ነገ አንድ ሐኪም ዘንድ በስውር ይሄዳል። ጡረታው ሦስት ዓመት ቀርቶታል። ትንሿ ልጁ ገና ትምህርት ላይ ናት። ከዚህ ወንበር ሌላ የሚያውቀው ሥራ የለውም። ነገሩ ሁሉ በአንድ «እሺ» ያልቃል።

ግን አራቱ ሰዎች አሁንም እዚያው ናቸው። ነፋስ ነው ተብለው፣ አምነው፣ ከባልዲው ሥር ቆመዋል።

ደግሞም ይህች ልጅ። ነፋስን በክሬኑ ክንድ እንድታነብ፣ የሽቦ ገመዱን ድምፅ እንድትለይ አስተምሯታል። ዛሬ ደግሞ፣ ሳያስተምራት፣ በሬዲዮ መዋሸትን ከእሱ ተማረች። አንድ ቀን ብቻዋን በሌላ ካቢን ውስጥ ትቀመጣለች፤ የሆነ ነገር ያማታል፤ ከታች ሲጠይቋት «ነፋስ ነው» ትላለች። ይህን ሲያስብ ከማዞሩ የባሰ ፍርሃት ያዘው።

በየጠዋቱ ከመሰላሉ ሥር ቆሞ የሚላት አጭር ጸሎት አለችው። አሁን ሊላት ሞከረ፤ ከመጀመሪያው ቃል ወዲያ አልመጣለትም። «አቤቱ» ብሎ ቀረ። ሬዲዮውን ከእጇ ወሰደ።

«ዘፋኙ፣ ልጆቹን ከሥር አውጣቸው።»

«ፎርማኑ እዚያው ይጠብቁ ብሏል እኮ።»

«አውጣቸው አልኩህ። ነፋስ አልነበረም። እኔ ነኝ። ዞረብኝ።»

በዚያ መስመር ላይ ሬዲዮ የያዙ አሥራ አራት ሰዎች አሉ። ሁሉም ሰሙት። የወፍጮው ድምፅ ጆሮው ውስጥ ቀስ እያለ ሲርቅ ይሰማዋል።

«ምን አሉ ጋሼ?» አለ ፎርማኑ።

«ዞረብኝ። ሦስት ሳምንቴ ነው። ያቆመችው ልጅቱ ናት።»

 ወዲያው ዘፋኙ ሲጮህ ተሰማ፤ ከዚያ የሚሮጥ እግር፣ የወደቀ አካፋ። «ወጥተዋል» አለ ትንፋሹ ቁርጥ ቁርጥ እያለ። «አራቱም። እኔም ከጥግ ሆኜ ነው የማየው።»

ባልዲው አየር ላይ ተንጠልጥሎ ሊቀር አይችልም። ኦፕሬተሩ ራሱን ቀጥ አድርጎ፣ ፊት ለፊቱ ካለው የመስታወቱ ጭረት ላይ ዓይኑን ተከለ።

«እጅሽን ቀዩ ላይ አድርጊ» አላት። «እጄ ቢፈዝ እንዳትጠይቂኝ። እንዳታዝኚልኝም። ምቺው።»

«እሺ ጋሼ።»

«ዘፋኙ፣ ጀምር።»

«ና፣ ና፣ ና፣ ና...» አለ ዘፋኙ። አሁን «የኔ ቆንጆ» የሚለው ቀርቷል። በየ«ና»ው መሐል የልጅቱ ትንፋሽ ጆሮው ሥር ይመላለሳል። ላቡ ከግንባሩ ወርዶ ዓይኑ ውስጥ ገባ፤ አልጠረገውም። ከዚያ ድምፁ ተቋረጠ፤ እጁንም አነሣ።

«መሬት ይዟል» አለ ዘፋኙ። «እግዜር ይስጥህ።»

ልጅቱ እጇን ከቁልፉ ላይ አንሥታ ጭኗ ላይ አስቀመጠች። ወዲያው በሬዲዮው ሌላ ድምፅ መጣ፤ ደህንነቷ ነበረች። ስትሮጥ የመጣች ትመስላለች።

«ጋሼ፣ ይሰሙኛል? አሁንም ይዞርብዎታል?»

«ራሴን ካላንቀሳቀስኩ ደህና ነኝ።»

«እንግዲያው አያንቀሳቅሱት። የእሳት አደጋ ሰዎችን ልጥራ፤ በቃሬዛ አስረው ያወርዱዎታል።»

ታየው። አንገቱን ቀና ያደረገው ሠራተኛ ሁሉ፣ ስልኩን አውጥቶ የሚቀርጸውም፣ እሱም በሰማይና በምድር መካከል ተንጠልጥሎ።

«አይሆንም። እንደ ዕቃ ተጠፍሬ አልወርድም።»

«ዕቃ ከሆንክማ እኔው ና ና ብዬ አወርድህ የለ» አለ ዘፋኙ። ማንም አልሳቀም፤ ልጅቱ ብቻ በአፍንጫዋ እንደ ሳቅ ያለ ነገር አሰማች።

«ከወረድኩስ በኋላ?» ብሎ ጠየቀ ኦፕሬተሩ።

 «እውነቱን ልንገርዎት» አለች ደህንነቷ። «ሐኪሙ ሳያይዎት ወደዚያ ካቢን አይወጡም። ጨርሶ ላይመለሱም ይችላሉ፤ እሱን አላውቅም። ሥራና ደመወዝዎ እንደማይነካ ደንቡ ላይ ተጽፏል፤ የጻፍኩት እኔ ነኝ። ግን እስካሁን ማንም አልተጠቀመበትም። እርስዎ የመጀመሪያው ነዎት።»

የመጀመሪያው መሆን። የተጻፈ ነገር እውነት መሆን አለመሆኑን በገዛ አንገት መሞከር። አላመናትም፤ ግን ሐሰት ናት ለማለትም አልደፈረም። የማታውቀውን አላውቅም ማለቷን ብቻ ልብ አለ።

በሩን ከፈተ። መሰላሉ ከእግሩ ሥር በብረቱ አጥር ውስጥ ቁልቁል ይወርዳል፤ መቶ ሠላሳ ሁለት እርከን። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ እንዲህ ያለውን መሰላል ያለ ገመድ ወርዷል፤ አንዳንድ ቀን እያፏጨ። አሁን አንድ ጊዜ ጎንበስ ብሎ ቢያይ መሰላሉ እንደ እባብ ተጠማዘዘበት።  ተመልሶ ወንበሩ ላይ ዘጭ አለ፤ ሁለት እጁንም ከወንበሩ ላይ ማላቀቅ አቃተው።

ልጅቱ ከቦርሳዋ የወገብና የትከሻ ማሰሪያ አወጣች፤ ሁለት አጭር ገመዶች መንጠቆ መንጠቆ ያላቸው። ድርጅቱ ስድስቱን ልጆች ሰውን በዚህ አስሮ ማውረድ ብቻ ሁለት ሳምንት አስተምሯቸዋል። ነባሮቹ ሠራተኞች «የዝንጀሮ ትምህርት» እያሉ ሲስቁባቸው ነበር፤ እሱም ከሳቁት አንዱ ነው።

«እኔ ከሥርዎ እሆናለሁ» አለች። «ዓይንዎን ይጨፍኑ። እግርዎን እየያዝኩ እርከኑ ላይ አስቀምጥልዎታለሁ። አንዱ ገመድ መሰላሉ ላይ ሳይታሰር ሌላው አይፈታም።»

«ብወድቅ እኮ አንቺ ላይ ነው የምወድቀው።»

«አውቃለሁ።»

«አትፈሪም?»

«እየተንቀጠቀጥኩ አይደል እንዴ? አላዩም?»

አየ። ጣቶቿ ማሰሪያውን መፍታት አቅቷቸው መንጠቆው ከብረቱ ጋር ይንቃጨል ነበር። ልጅ ናት። ግን ቅድም ቀዩን የመታው ይኸው የሚንቀጠቀጠው እጅ ነው።

«ሽማግሌ እግሩን ተይዞ፣ እንደ ሕፃን» አለ ለራሱ።

«ይዩን» አለች። «የሚስቅ ካለ ነገ እሱን እዚህ ላይ አውጥተን እንተወዋለን።»

ፎርማኑ ከታች ተጣራ። «ጋሼ፣ ምን ወሰኑ? የእሳት አደጋ ሰዎቹን ልጥራ?»

ኦፕሬተሩ ጣቶቹን አንድ በአንድ ከወንበሩ አላቀቀ። ማሰሪያውን እንድታጠልቅለት ሁለት ክንዶቹን ከጎኑ ራቅ አደረገ፤ መቀርቀሪያውን እስክታጠብቅ ጠበቀና ሬዲዮውን አነሣ።

«አትጥራ» አለ። «ከልጅቱ ጋር እወርዳለሁ።»

ከዚያ ፊቱን ወደ መሰላሉ አዙሮ ብረቱን በሁለት እጁ ያዘ፤ ከሥሩ ገብታ ገመዱን መሰላሉ ላይ ማሰሯን ከውጥረቱ እስኪያውቅ ድረስ ቆመ።

«የቀኙን አስቀድሚ» አላት፤ ዓይኑንም ጨፈነ።