ከወጥ ቤት የመጣችው ሴት

«ያቺ ሴትዮ ዛሬም መጣች» አለች ቫሲቲ፣ ወደ ማካሬታ ጆሮ ጎንበስ ብላ። «ከአንቺ ከሚስቱ ብሳ ስታለቅስ አላየሽም?»

ማካሬታ ቀና አለች። ወንዶቹ በረንዳው ላይ የለቅሶውን መጠጥ፣ ካቫቸውን፣ ከበው ተቀምጠዋል። ለቀስተኞቹ ሴቶች ሳሎኑ ውስጥ የተነጠፈውን ሰሌን ሞልተውታል። ካምላ የምትባለው ህንዳዊት ጓዳው በር ሥር ኩርምት ብላ በሻርፗ ጫፍ ዓይኗን ትጠርጋለች።

«ከምግብ ቤቱ ናት። አብረው ይሠሩ ነበር።»

«ሠርተዋላ!» ሟቹ፣ የማካሬታ ባል ማናሳ፣ የቫሲቲ ወንድም ነው፤ ምላሷ ግን ለሟችም አይመለስም። «‹ማናስዬ› ስትል በጆሮዬ ሰማኋት። አለቃ እንዲህ ይቆላመጣል?»

ጥርጣሬው ለማካሬታ አዲስ አልነበረም። ማናሳ ሱቫ ከተማ ወደቡ አጠገብ ያለ ምግብ ቤት ዋና ወጥ ሠሪ ነበር። ትልቅ ሆቴል ለምኖት እምቢ ብሏል። «እዚያ ምን አስሮህ ነው?» ስትለው «ለምጄዋለሁ» ይላል፤ በቃ። ከሥራ ሲመለስ ዓይኑ ቀልቶ፣ ፊቱ ግን ሸክም እንደወረደለት ሰው ቀሎት ነው። ያ እፎይታ ነበር የሚያንገበግባት። ልጃቸውን ባሕር ከወሰደው ወዲህ እቤት ውስጥ ድንጋይ ሆኗል። በቀብሩ ዕለት እንኳ አላለቀሰም፤ እሷ ደረቷን ስትደቃ እሱ ጣሪያ ላይ ወጥቶ ቆርቆሮ ይመታ ነበር። ይህን ይቅር ሳትለው ሞተ። የልጁ ስምም በዚያ ቤት ዳግመኛ አልተነሳም።

ከሰዓት ለቀስተኛው ሳሳ ሲል ወደ ጓዳ ገባች። ካምላ ስኒ እያጠበች ግድግዳው ላይ ያለውን ፎቶ ታያለች።

«ሳኪያሲ ነው አይደል? እውነትም ፍንጭት ነው።»

ማካሬታ ክው አለች። «ስሙን ማን ነገረሽ?»

«ማናስዬ ነዋ።»

«ውሸታም! ለእኔ እንኳ ጠርቶት አያውቅም። ንገሪኝ፣ ከባሌ ጋር ምን ነበራችሁ?»

የቫሲቲ አንገት በበሩ ብቅ አለ።

«ሽንኩርት» አለች ካምላ።

«ትቀልጅብኛለሽ?»

«አልቀለድኩም እትዬ። ዋና ወጥ ሠሪ ሽንኩርት አይከትፍም፤ የእኔ ሥራ ነው። ልጁ የሞተ ሰሞን ግን ቢላ ይዞ አጠገቤ ቆመ። እየከተፈ ተንሰቀሰቀ። ሌሎቹ የሽንኩርቱ መስሏቸው ሳቁበት። እኔ ግን ገባኝ፤ ባሌን አልቅሼ የጨረስኩት እዚያው መክተፊያ ላይ ነው። ከዚያ ወዲህ ማታ ማታ የነገውን ሽንኩርት ስንከትፍ አብረን ነበርን። እሱ ስለ ልጁ፣ እኔ ስለ ሟቼ። ሲበቃን ፊታችንን ታጥበን ወደየቤታችን። ሆቴሉ ጋ ሽንኩርት ተከትፎ ነው አሉ የሚመጣው፤ እንዴት ይሂድ?»

«እኔ ፊት ለምን አላለቀሰም?»

«ጠይቄዋለሁ። ‹እሷ እያየችኝ ከጀመርኩ አላቆምም› አለኝ።»

ማካሬታ ወደ ፎቶው ዞረች። «ለአንቺ አወራ። ለእኔ ዝም አለ።»

ካምላ ወደ ስኒዎቹ ተመለሰች።

«ስለ ልጄ ምን ይልሽ ነበር?»

«ዓሣ ሊያጠምዱ ሲሄዱ፣ ሳኪያሲ ለዓሣው እያዘነ የያዙትን ሁሉ መልሶ ይለቀው ነበር አሉ።»

«ባዶ እጃቸውን እየመጡ እኔ ስቆጣ!» ሳቅ ይሁን ልቅሶ ያልለየ ድምፅ አመለጣት።

«ምን አለችሽ?» አለች ቫሲቲ።

ማካሬታ ካምላን ክንዷን ይዛ ወደ ሳሎን ወሰደቻት። ሰሌኑ ላይ፣ ከሚስት በቀር ማንም በማይቀመጥበት ራስጌ ተቀመጠችና፣ ጠጋ ብላ ለካምላ አጠገቧ ቦታ ለቀቀችላት።