ጸሐዩን ሞተር አልጣለውም

ወንድሜ ጸሐዩ የሞተው በጉበት በሽታ ነው። ሰቆጣ፣ አልጋው ላይ ተኝቶ፣ እጁን እንደያዝኩት አረፈ። ይህን አስቀድሜ የምጽፈው፣ ትውልድ ቀያችን ሰሃላ ያለው ዘመዳችን ሁሉ ሞተር ጥሎ ገደለው ብሎ ስላመነ ነው።

ነሐሴ ነበር። ወንዙ ሞልቶ አስከሬኑን ወደ መንደራችን ማውረድ ስላልተቻለ ሰቆጣ ቀበርነው። በመንደራችን በኩል ኔትወርክ የለም፤ መርዶውን ያደረሰው ሰው ወንዙ ዳር ቆሞ ወደ ማዶ እየጮኸ ነው የተናገረው። ከጎርፉ ድምፅ በላይ የተሻገረው የጸሐዩ ማረፍ ብቻ ነበር። እንዴት የሚለውን መንደሩ ራሱ ሞላው። ለመሙላትም አልተቸገረም፤ ለሰሃላ ሰው ጸሐዩ ማለት ሞተር ነበርና።

የእንስሳት ጤና ባለሙያ ነበር። የቢሮውን ሞተር ተራ መጠበቅ ሰልችቶት በራሱ ገንዘብ ገዛ። አስፋልት ላይም የሚሮጥ፣ ድንጋይም የማይመልሰው፣ ሆዱ ከመሬት ራቅ ያለ፣ ጎማው ባለጥርስ የሆነ ሞተር ነው። ጠዋት ጠዋት የክትባቱን ሳጥን ከኋላ ያስርና እኔን በሳጥኑና በጀርባው መሃል አጣብቆ ይወጣል። እኔ ሰቆጣ ዙሪያ አንድ ጤና ኬላ ውስጥ ነው የምሠራው፤ እዚያ ያወርደኝና እሱ ወደ ቀበሌዎቹ ይቀጥላል። በዓል ሲመጣ ደግሞ ብርድ ልብሱን ጠቅልሎ ኮረም ይሄዳል፣ ላሊበላ ይሄዳል፣ አንድ ጊዜማ ጎንደር ድረስ ዘልቋል። ምን ልታደርግ ሄድክ ሲሉት መንገዱን ላየው ይላል። ማንም አላመነውም። ሚስት ፍለጋ ነው ይሉ ነበር።

እኔንም መንዳት ያስተማረኝ እሱ ነው። ሲታመም ቦታ ተቀያየርን። እኔ ከፊት፣ እሱ ከኋላ። ሐኪም ዘንድ ስወስደው እንኳ ወገቤን ይዞ ይነተርከኝ ነበር፤ ማርሽ ቀይሪ፣ አታስጩኺው፣ ጉድጓዱን አትይው፣ መሄጃሽን እይ እያለ። ትከሻዬ ላይ ያለው ራሱ እየከበደ ሲመጣ ነው በሽታው የጠናበት መሆኑን ያወቅሁት። ድምፁ ግን እስከ መጨረሻው ያው የአስተማሪ ድምፅ ነበር።

መስከረም ሲያልቅ ወንዙ ጎደለ። የአርባው ቀን ለቅሶ በአባታችን ደጅ እንዲሆን ተባለ። መልእክቱን ያመጣልኝ ብዙነህ ነው፤ የመንደራችን የፍየል ነጋዴ ሲሆን ለገበያ ሰቆጣ ይመላለሳል። አባባ የላኩት ቃል አጭር ነበር። ለአርባው ነይ፤ ያ ብረት ግን በደጄ እንዳይደርስ፤ ለብዙነህ ይሸጥለት። ጸሐዩ ሚስትም ልጅም ስላልነበረው ንብረቱ የአባባ ነው፤ ቃሉም የእሳቸው ነው። ብዙነህ መጥፎ ሰው አይደለም። መንደሩ ያመነውን የነገረኝ እሱ ነው፤ ታሞ ነው ስለውም በቃል ብቻ ማንም አያምንሽም አለኝ። ሞተሩን ዞሮ አየና ዋጋ እንኳ ሳይጠራ፣ ከለቅሶው ማግስት እወስደዋለሁ ብሎኝ ሄደ።

ሞተሩ ያስፈልገኝ ነበር፤ አልዋሽም። ጤና ኬላው በእግር ሩቅ ነው፣ ባጃጅም ወደዚያ አይወጣም። ከዚያ የባሰብኝ ግን ስሙ ነው። በእኛ አገር ለቅሶ ላይ የሞተው ሰው በቅሎ ልብሱን ተጭና መሃል ትዞራለች፤ አልቃሹም ጋላቢነቱን ያነሣል። የጣለችው በቅሎ ግን አትዞርም። በቅሎ ጥላው ሞተ የተባለ ሰው ደግሞ በየለቅሶው እንደዚያው ሲነሣ ይኖራል። ወንድሜ ያን ሁሉ ገደል ወጥቶ ወርዶ በመጨረሻ ሞተር የጣለው ተብሎ ሊቀር ነው። እኔ በሕይወት እያለሁ ይህ አይሆንም አልኩ።

ስለዚህ ሞተሩን ይዤው ልሄድ ወሰንኩ። ሰው ሁሉ በዓይኑ ያየዋል፤ ጭረት እንደሌለበት ያያል፤ ያኔ ምን ይላል?

ሰቆጣ የመለዋወጫ ሱቅ ያለው ሙኽታር የጸሐዩ ጓደኛ ነው። ካቴናውን አጠበቀልኝ፣ የፍሬን ሸራ ቀየረልኝ፣ ቤንዚን በሃይላንድ ሞልቶ ሰጠኝ። ከዚያ ጨርቅ አምጥቶ እንደ ሙሽራ መኪና ይወለውለው ጀመር።

«አባትሽ በመጥረቢያ ቢሰብሩትስ?» አለኝ ቀና ሳይል።

«ያኔ ዕቃ ካንተ እገዛለሁ።»

«በዱቤ አልሰጥም» አለ። ዓይኑ ግን እንባ አቅርሮ ነበር።

ንጋት ላይ ወጣሁ። ሱሪ ላይ ጥቁር ቀሚስ ለበስኩ፣ ነጠላዬ ካቴናው ውስጥ እንዳይገባ ወገቤ ላይ አሰርኩት። እስከ ቁልቁለቱ ድረስ ጠጠር መንገድ ነው፤ ከዚያ በታች መንገድ የሚባል የለም፣ የፍየልና የሰው ዱካ ነው። ሙቀቱ ከታች እየወጣ ፊቴን ይገርፈኛል። በአንደኛ ማርሽ፣ ሞተሩ ራሱን ይዞ እንዲወርድ እየለቀቅሁ፣ ፍሬኑን በጣቴ ጫፍ ብቻ እየነካሁ ወረድኩ። ፈርቼ አልነበረም። ሌላ ሰው ይህን ቁልቁለት እንዲህ ሲወርድ ባይ ኖሮ፣ ጎበዝ ነው እል ነበር።

ወንዙ ጉልበት አይደርስም። ውኃውን ተሻገርኩና ወዲያኛው ዳር ያለው አሸዋ ላይ የፊት ጎማው ሰመጠ። መሪው ተጠመዘዘ፣ እኔም ሞተሩም በጎን ወደቅን። ክርኔ ተላጠ። ተነሥቼ የወንድሜን ስም ጠራሁ፤ ሌላ ማንን እጠራለሁ? ሞተሩን አቃናሁት። የፍሪሲዮኑ መያዣ ተጣሟል፣ የሙኽታር ጨርቅ ያብለጨለጨው፣ ከጎማው በላይ ያለው ቀይ ፓርፋንጎ ከዳር እስከ ዳር ተፍቋል።

እዚያ አሸዋ ላይ ተቀምጬ ቆየሁ። ጭረት የለበትም ልል ነበር የመጣሁት። አሁን ይዤው ብገባ ይኸውና የጣለበት ምልክት ይላሉ። ጭቃ ብቀባበት ይሸፈን ነበር፤ እፍኝ ጭቃም አንሥቼ ነበር። ከዚያ ጸሐዩ ከኋላዬ ተቀምጦ ይህን ቢያይ ምን እንደሚል አሰብኩና ጭቃውን ጣልኩት። እጄን ታጥቤ በተጣመመ ፍሪሲዮን ዳገቱን ወጣሁ።

ድምፁ ከእኔ ቀድሞ ደረሰ። ለቅሶው ሜዳ ላይ ስደርስ ሰው ሁሉ ፊቱን ወደ እኔ አዙሮ ነበር። ዳሱ ጥላ ሥር አባባ ከሽማግሌዎቹ ጋር ተቀምጠዋል። መሃል ላይ የአባባ የልጅነት ጓደኛ የአያ ዘበነ በቅሎ የጸሐዩን ኮትና ሱሪ ተጭና ቆማለች። ጸሐዩ ካደገ ወዲህ በቅሎ ላይ ወጥቶ አያውቅም፤ በቅሎዋም የማን ልብስ እንደጫነች የምታውቅ አትመስልም። የመንደሩ አልቃሽ እተይ ይታየሽ ሞተሩን ሲያዩ ጊዜ አላባከኑም።

በቅሎ ብትሆን ኖሮ ታዝንልህ ነበር፣
ብረት ምን አንጀት አለው ጸሐዩን ሲሰብር።

ሴቶቹ ደረታቸውን መቱ። አባባ አልተንቀሳቀሱም፤ እኔንም ሞተሩንም አላዩም። ሞተሩን አጥፍቼ አቆምኩትና ወደ መሃል ገባሁ። ሙሾ ማንም አላስተማረኝም። ከጤና ኬላ እየተመለስኩ፣ ሰው በማይሰማኝ መንገድ ላይ፣ በሄልሜት ውስጥ ለራሴ ስል ስል የለመድኩት ነው።

ጣለው አትበሉብኝ ብረቱን ስታዩ፣
ታሞ ነው የሄደው ካልጋው ላይ ጸሐዩ።

ማንም አልተቀበለኝም። እኔም በተራ ቃል ነገርኳቸው። ስለ ጉበቱ፣ ዓይኑ ቢጫ ስለመሆኑ፣ እናንተን ላለማስጨነቅ ደብቆ ስለመቆየቱ፣ ከወንዙ ማዶ የተጮኸው ሙሉው ስላለመሰማቱ። ጥቂት ሴቶች ተያዩ። አያ ዘበነ ግን ዱላቸውን ይዘው ተነሡ፤ ነገር ሳያዩ አያምኑም። ሞተሩን በግ እንደሚገዛ ሰው እየዳበሱ ዞሩት። ዱላቸው ፓርፋንጎው ላይ ቆመ።

«ይህስ?» አሉ። «ሰው ሲታመም ብረት ይላጣል?»

ሳቅም ጉምጉምታም ተነሣ። ብዙነህ አንገቱን ደፋ።

«እሱ የእኔ ነው፣ አያ ዘበነ» አልኩ። «ዛሬ ጠዋት ወንዙ አሸዋ ላይ ወደቅሁ።» እጅጌዬን ሰብስቤ ክርኔን አሳየኋቸው። ደሙ ገና አልደረቀም። «እኔን ጣለኝ። ሞቻለሁ?»

አያ ዘበነ ክርኔን ቀርበው አዩት፤ እንደገና ብረቱን አዩት። ሌላ ጭረት ፈለጉ። ከሥር ተንበርክከው ሳይቀር ፈለጉ። ከጉልበታቸው አቧራውን አራግፈው ወደ አባባ ዞሩና፣ አንድ ነው ያለው፣ እሱም ትኩስ ነው አሉ።

አባባ ያኔ ነው ቀና ያሉት።

«ወድቀሽ ማን አነሣሽ?»

«ማንም።»

«ብረቱንስ?»

«ራሴ። አባባ፣ ጸሐዩ መጀመሪያ ያስተማረኝ መንዳት አይደለም። ሜዳ ላይ አጋደመውና አንሺው አለኝ። ጀርባሽን አስደግፊና በእግርሽ ግፊ አለኝ። አንድ ሳምንት ሙሉ ማንሣት ብቻ ነበር የሚያሠራኝ። የወደቀ ማንሣት የማይችል ሰው አይነዳም ይል ነበር።»

አባባ በኽምጣንኛ፣ በአያቶቻችን ቋንቋ፣ ለአያ ዘበነ አንድ ነገር አጉተመተሙ። እናቴ በሕይወት ሳለች በቤታችን እንዲህ የሚነገረው ለልጅ የማይሆን ነገር ሲኖር ብቻ ነበር፤ እኔ ግን ሰማሁት። እኔን ሳይጠራ በአልጋው ላይ ነው የሞተው አሉ። ንዴታቸው ከብረቱ ወደ ሌላ እንደዞረ ያኔ ገባኝ። ብረት ገደለው ከሆነ በድንገት ነው፤ ማንም አልተጠራም። ታሞ ከሆነ ግን ቀን ነበረው፤ አባቱ ሊመጣ ይችል ነበር።

«ሲጠናበት ጠርቶዎታል» አልኩ። «ወንዙ ነው ያልፈቀደ። ሦስቴ ሰው ልኬ ከማዶ የሚሰማው አጥቶ ከዳር ተመለሰ። በመጨረሻው ቀን ጎደለ ወይ እያለ ይጠይቀኝ ነበር፤ ቢጎድል በሞተር ወርጄ ላመጣዎት ነበር።»

አባባ ዱላቸውን ለአያ ዘበነ ሰጥተው ተነሡ። ሰው ሊደግፋቸው ሲል በእጃቸው ከለከሉ። ወደ በቅሎዋ ሄደው ኮቱንና ሱሪውን አወረዱ፣ አመጡና በሞተሩ ኮርቻ ላይ ራሳቸው አደላደሉት። ኮቱን ሁለት ጊዜ አስተካከሉት። መሪውን በግራ እጃቸው ያዙ።

«አስነሺው» አሉኝ። «በቅሎ እየተነፈሰች ነው የምትዞር።»

አስነሣሁት። እኔ በቀኝ በኩል ደግፌ፣ እሳቸው በግራ እየሳቡ ለቅሶውን ዞርነው። ከባድ ነው፣ ሜዳውም ጠጠር አለው፤ አባባ ሁለት ጊዜ ተንገዳገዱ፣ አልለቀቁም። እተይ ይታየሽ ከሞተሩ ድምፅ በላይ ለመሰማት አንገታቸውን ገትረው አዲስ ግጥም አወጡ። በዚህኛው ውስጥ ላሊበላ አለ፣ ኮረም አለ፣ ጎንደር አለ፤ ገደሉን እንደ ሜዳ የሚጋልብ አለ። ሞተር የጣለው የሚል ግን አልነበረበትም። ሴቶቹ ተቀበሏቸው። ያኔ ነው እኔም ከልቤ ያለቀስኩት።

ዙሩ ሲያልቅ አባባ ግንባራቸውን በኩታቸው ጠረጉ። ብዙነህን በእጃቸው ጠሩት። መጣ፤ ነጋዴ ነውና ምን እንደሚባል ሳያውቅ አልቀረም፤ ቢሆንም ለወጉ፣ ነገ በጠዋት ልውሰደው ወይ አለ።

«ሌላ ፈልግ» አሉት አባባ። «ይህ ጋላቢ አለው።»

ብዙነህ መጀመሪያ ተጣሞ የቀረውን ፍሪሲዮን፣ ቀጥሎ የእኔን ክርን አየና፣ እንግዲህ እግዜር ይጠብቅሽ ብሎኝ ፍየሎቹ ወዳሉበት ሄደ።