በደረቁ የምትዋጠው ኪኒን

ንጋቷ የነጠላዋን ጫፍ ቋጠሮ በጣቶቿ እያሻሸች ጠበሉ በር ላይ ተሰልፋለች። ቋጠሮው ውስጥ የመጨረሻዋ የሕመም ማስታገሻ ኪኒን አለች። የአንኮበር ጉም ገደሉን ሞልቶ ወደ ላይ ይወጣል፤ ከፊቷ የቀሩት ሦስት ሴቶች ብቻ ናቸው። ተጠምቀው የሚወጡት ከንፈራቸው ጠቁሮ፣ እየተንቀጠቀጡ እግዜርን ያመሰግናሉ።

እስከ ትናንት ድረስ ከመሰለፏ በፊት አንድ ትውጥ ነበር። ያውም በደረቁ፤ በውሃ ካወራረደቻት ጾም ትሽራለች፣ ጾም ከሻረች ጠበሉ አይሠራላትም፣ ጠበሉ ካልሠራ ደግሞ ልጅ የለም። ስሌቷ እንከን አልነበረውም። ደብረ ብርሃን ብርድ ልብስ ፋብሪካ ቆማ እየዋለች ወገቧን ሲቆርጣት፣ በትዳር በቆየችባቸው አራት ዓመታት ጧት አንድ፣ ማታ አንድ ስትውጥ ኖራለች። ለጠበል ከመጣች ወዲህ ባሉት ሁለት ሳምንታት ደግሞ ለብርዱ ብላ ሦስተኛ ጨመረች። ኪኒኑን እየገዙ የሚያቀብሏት አማቷ እማማ ወለተ ጊዮርጊስ ናቸው። የልጅ ልጅ እንደናፈቃቸው ሁሉ ምራታቸው ስትታመም ማየትም አይሆንላቸውም።

ትናንት ኪኒኑ ሊያልቅባት ሲል ጤና ጣቢያ ሄደች። ሲስተር ሳሌም በቀን ስንት እንደምትወስድ፣ ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ፣ ለምን አንኮበር እንደመጣች ጠይቃ ሰማች።

«እኅቴ፣ ልጅ እየለመንሽ ነው ወይስ እየከለከልሽ?» ብላ ሳቀች። ከዚያ ሳቋን ዋጥ አድርጋ አስረዳቻት። «እንዲህ ያለው ማስታገሻ በየቀኑ ሲወሰድ እንቁላልሽ በጊዜዋ እንዳትወጣ ሊያደርግ ይችላል። የአንቺ ምክንያት እሱ ነው ብዬ አልምልልሽም። ግን ሲያቆሙት ብዙ ጊዜ ይስተካከላል። ለወገብሽ ሌላ መላ እንፈልጋለን፤ ባልሽም መጥቶ ይመርመር።»

ንጋቷ ተናዳ ወጣች፤ አራት ዓመት ሙሉ እንዴት አንድ ሰው እንኳን አልነገራትም! ዳገቱን ወጥታ እስክትጨርስ ግን ደስ ብሏት ነበር። ከመለመን ሌላ በራሷ እጅ የምታደርገው ነገር አገኘች።

«ዋጥሻት?» አሉ አሁን ከኋላዋ የቆሙት እማማ በሹክሹክታ።

«አልዋጥኳትም፣ እማማ። ለልጅ ጥሩ ላይሆን ይችላል ብላኛለች ሲስተሯ።»

እማማ አፋቸውን በነጠላቸው ያዙ። «እኔ እኮ ነኝ የምገዛልሽ!»

የንጋቷ ተራ ደረሰ። ቋጠሮውን ፈትታ ኪኒኗን አማቷ መዳፍ ላይ አኖረችና ገባች።

ውሃው ጀርባዋ ላይ ሲያርፍ «እሪ! ወገቤን!» ብላ ጮኸች። ሁለት ሳምንት ሙሉ ትንፍሽ ሳትል የተጠመቀች ሴት ዛሬ እንዲህ ስትጮህ፣ አጥማቂው መምሬ ገብረ ሕይወት ያደባ መንፈስ አገኘሁ ብለው መስቀላቸውን አነሱ።

«ተናገር! በማን በኩል ነው የያዝካት?»

«በእኔ በኩል ነው፣ መምሬ!» አሉ እማማ ከውጭ፣ እያለቀሱ። «እኔ ነኝ በገዛ እጄ የሰጠኋት!»

ሰልፉ ሁሉ ወደ እማማ ዞረ። መምሬ መስቀላቸውን እንዳነሱ ቀሩ። ንጋቷ ጥርሷ እየተንቀጫቀጨ ሳቋ መጣ፤ ብትይዘው ብትይዘው አልያዝ አላት።

«መንፈስ አይደለም፣ አባቴ፤ በርዶኝ ነው» አለች። ከዚያ ድምጿን ከፍ አድርጋ፣ «ይቅር ብያለሁ፣ እማማ! አያልቅሱ!»

ወገቧ አሁንም ይቆርጣታል። በሁለት እጇ ደግፋው ጎንበስ አለች።

«ይድገሙኝ፣ አባቴ።»