የታዘበው ፊልም

«ከፊልሙ የኔ ምርጥ በቅሎዋ ጭቃ ውስጥ የሰመጠችባት ናት» አለ ከፋለ፤ ለቅሶ ቤት መሆኑ ትዝ ሲለው ድምፁን ቀነስ አደረገ። «ዘበኛው ጠመንጃውን አስቀምጦ ከእስረኞቹ ጋር ገመድ መጎተት ጀመረ አይደል? በቅሎዋ ወጣች። ባለ ጠባሳው እስረኛ ጎንበስ ብሎ ጠመንጃውን አነሳው። እዚህ ላይ ትንፋሻችን ቀጥ! ከዚያ ጭቃውን በሸሚዙ ጠረገና ‹ጌታዬ፣ ረስተውት ነበር› ብሎ መለሰለት።»

«ዘበኛው ደግሞ ዓይኑን ማየት ሲያቅተው» አሉ መሪጌታ ሣህለ ማርያም፣ የዘገኑትን ቆሎ ሳይቅሙ እንደያዙ። «እሷስ ጥሩ ናት። የኔ ግን የሽማግሌው ናት። ዕድሜውን ታስሮ ኖሮ፣ በሩ ሲከፈትለት ‹አንድ ነገር ረሳሁ› ብሎ ወደ ውስጥ የሚመለሰው።»

«መኝታውን ሊያወርስ!»

«አዎ። ‹ፀሐይ የምትገባባትን ቦታዬን ለማን እንደምሰጥ ሳልናገር ወጣሁ› ብሎ። የታመመውን ልጅ እጁን ይዞ እዚያች ላይ ያስተኛውና ነው የሚሄደው።»

ሁለቱ ሰዎች ከሞጣ ማልደው በጭነት መኪና የመጡ ናቸው። ከፋለ ልብስ ሰፊ ነው፤ መሪጌታ ቅኔ ያስተምራሉ። በቀይ ሽብር ሰሞን፣ ሞጣ ውስጥ እስር ቤት በተደረገ አንድ የእህል መጋዘን ከሟቹ ከታዘበው ጋር አብረው ታስረዋል። የቢቸና ሰው አያውቃቸውም። ለቅሶ ላይ ስለ በቅሎ ማውራት ያለ ነው፤ ስለ ዝናብ፣ ስለ ግብር፣ ስለ ገበሬ ማኅበር ስብሰባም ይወራል። ፊልም ግን ቢቸና ለቅሶ ላይ ሲነሳ ይህ የመጀመሪያው ሳይሆን አይቀርም። ያውም የእስር ቤት ፊልም፣ ያውም የቀበሌው ሊቀ መንበር ከማዶ አግዳሚ ላይ ተቀምጦ። እድርተኛው ፊቱን አጨፈገገ፤ ጆሮውን ግን አልነፈጋቸውም።

ድንኳኑ ከቤቱ በር ጋር ተያይዞ ስለተተከለ የወንዶቹ ወሬ ሴቶቹ ዘንድ ይገባል። የሟቹ ሚስት ባንቺዓለም ከበሩ ጀርባ ግድግዳውን ተደግፋ ሰሌን ላይ ተቀምጣለች። ታዘበው የተቀበረው ትናንት ነው፤ ነገ ሠልስቱ ነው። እስካሁን አላለቀሰችም።

ማልቀስ አልፈልግም ብላ አይደለም። ሬሳው ከቤት ሲወጣ ሴቱ ሁሉ ዓይን ዓይኗን ሲያያት፣ እሷ የምታስበው ደጅ ላይ የተሰጣው ጌሾ በሰው እግር እንዳይረገጥ ነበር። ምንም አልተሰማትም። አሁንም አይሰማትም። ሰው ይገባል፣ ያለቅሳል፣ ይቀመጣል፣ «እግዚአብሔር ያጥናሽ» ይላታል፤ እሷም አሜን ትላለች። ጎረቤቷ ይርጋነሽ «በሞቴ አንድ ጉርሻ» ስትላት አፏን ከፍታ ትቀበላለች፣ ታኝካለች፣ ትውጣለች። ሽሮ ይሁን ምስር ብትጠየቅ አታውቀውም።

«ያኔም አላለቀሰችም» አለች የሟቹ ታላቅ እህት ስንቄ ለይርጋነሽ በሹክሹክታ። የስንቄ ሹክሹክታ ጓሮ ድረስ ይሰማል።

«ኧረ ይተዉ እትዬ ስንቄ፣ ትሰማዎታለች።»

«ትስማኛ! ‹ሞተ› ሲሏት እንባ ጠብ ያላላት ሴት ዛሬ ከየት ታመጣዋለች?»

ባንቺዓለም ሰማች። እውነት ስለሆነ አልተቆጣችም።

ያኔ፣ ታዘበው ታስሮ ሳለ፣ በየሁለት ሳምንቱ ከቢቸና ሞጣ ትመላለስ ነበር፤ የጭነት መኪና ሲገኝ ተጭና፣ ሲታጣ ደብረ ወርቅ አድራ በእግሯ። አገልግሉ ውስጥ ድርቆሽ፣ በሶ፣ ከተገኘም ቋንጣ አለ። ዘበኛው በሩ ላይ የእስረኛውን ስም ይጠይቃል፣ አገልግሉን ይቀበላል፣ ያለፈውን ባዶውን ይመልስላታል። ባሏን አታየውም። ባዶው አገልግል ሲመለስላት በሕይወት አለ ማለት ነው፤ ያንን ይዛ ትመለሳለች።

አንድ ቀን ዘበኛው ስሙን ሰማና እጁን ሳይዘረጋ «ለእሱ ከእንግዲህ ስንቅ አያስፈልገውም» አላት። የዚያን ዘመን ሰው የዚህን ቃል ትርጉም ያውቃል። ሌሎቹ ሴቶች ይህን ሲባሉ እዚያው አቧራው ላይ ይወድቁ ነበር። ባንቺዓለም አልወደቀችም። ቢቸና ተመልሳ የተባለችውን ለስንቄ ነገረቻት። ስንቄ ደረቷን እየደቃች ስትጮህ እሷ ሰፌድ አንስታ ገብስ ማበጠር ጀመረች። ጥቁር አልለበሰችም፤ ለቅሶም አልተቀመጠችም። ሁለት ሳምንቱ ሲደርስ ስንቋን ቋጥራ ሞጣ ሄደች። አሁንም አያስፈልገውም ተባለች። እንደገና ሄደች። ሰው «አበደች» አለ፤ ስንቄ ግን «ምን ታብዳለች፣ ልቧ ድንጋይ ነው» አለች።

ከዚያ ታዘበው በሕይወት መጣ። ከስቶ፣ ሸብቶ፣ ግን መጣ። በዚያው ምሽት ስንቄ በደስታ ስታለቅስ ቆየችና እንባዋን ሳትጠርግ «‹ሞቷል› ሲሏት ያላለቀሰች ሚስት ናት ያለችህ፣ እወቅ» አለችው። ባንቺዓለም ያን ጊዜ እግሩን እያጠበች ነበር። ታዘበው ቁልቁል አያት፤ ምንም አላለም።

ይጠይቀኛል ብላ ጠበቀች። ወደ መምህርነቱ መለሱት። ይሄዳል፣ ይመጣል፣ ይበላል፣ «ተባረኪ» ይላል። አንድ የገበያ ቀን ዝናብ ይዟቸው ከሰው ቤት ጣራ ሥር ተጠግተው ሳለ፣ «ባንቺ» አላት።

«አቤት።»

«ያኔ ሞጣ ስትመጪ፣ መንገዱ አያስቸግርሽም ነበር?»

«አያስቸግረኝም።»

«እ» አለ። ዝናቡ አባራ፣ ወደ ቤት ሄዱ።

በቃ፣ ስለዚያ ጊዜ ያወሩት ያቺው ነች። ከዚያ ወዲህ ዓመት መጣ ዓመት ሄደ፣ ከትናንት ወዲያ ከትምህርት ቤት መጥቶ አልጋው ጠርዝ ላይ እንደተቀመጠ ልቡ ቆመ። የባንቺዓለም ሌላው አካሏ ሁሉ ደንዝዟል፤ አንዲት ነገር ብቻ ትቆረቁራታለች። ልቧ ድንጋይ ነው ብሎ እያሰበ ሞቶ ይሆን? ማንን ትጠይቅ? የሚመልስላት ሰው መቃብር ውስጥ ነው።

ድንኳኑ ውስጥ የታዘበው ታናሽ ወንድም ወልደ ሰንበት መጥቶ ከእንግዶቹ አጠገብ ተቀመጠ። የጭነት መኪና ሾፌር ነው፤ የወንድሙን መሞት የሰማው ደጀን ላይ ሆኖ ነው።

«የምን ፊልም ነው የምታወሩት?»

«ታዘበው ያሳየን ነዋ» አለ ከፋለ። «አመሻሽ ላይ በሩ ከተዘጋብን በኋላ ያሳየን ነበር።»

«እስር ቤት ውስጥ? በምን መሣሪያ?»

«በአፉ። ‹ታዘበው ፊልሙ› ነበር የምንለው። አንዴ ከጨረሰው ‹ድገምልን› ነው። ዘበኞቹ ሳይቀሩ በሩ ላይ ተለጥፈው ይሰሙ ነበር።»

ባንቺዓለም ከግድግዳው ቀና አለች። ታዘበው? የእሷ ታዘበው? «ጨው አንሶታል» ለማለት እንኳ ወጡ እስኪያልቅ የሚያስበው ሰው?

ወልደ ሰንበት ፈገግ አለ፤ ወንድሙ ከሞተ ወዲህ የመጀመሪያው ነው። «የድንጋይ ፈላጮቹ እስረኞች ፊልም ነው? እኔና እሱ እኮ አዲስ አበባ አብረን ነው ያየነው! እሱ መምህርነት ሲማር፣ እኔ የመኪና ረዳት ሳለሁ። የሚናገሩት በእንግሊዝኛ ስለሆነ በጆሮዬ ይተረጉምልኝ ነበር። ግን ምን በቅሎ አለ እዚያ ውስጥ? ጭቃ የያዘው መኪና ነው።»

«በቅሎ ናት» አለ ከፋለ።

«መኪና ነው ወንድሜ! ጎማው ሲሽከረከር ዛሬም ይታየኛል። ሙያዬ እኮ ነው።»

«ዳለቻ በቅሎ። በዓይናችን አይተናል።»

«የት አያችሁ? ሰማችሁ እንጂ።»

«አይተናል» አሉ መሪጌታ፣ ፍርድ እንደሚሰጥ ሰው ረጋ ብለው። እድርተኞቹ በነጠላቸው ጫፍ አፋቸውን ሸፍነው ሳቁ። ሊቀ መንበሩም ሳቀና ወዲያው ሳል አስመሰለው።

«እሺ በቅሎም ትሁን» አለ ወልደ ሰንበት።

«ሽማግሌውስ?»

«እሱስ አለ። እውነት ነው።»

መሪጌታ የራሳቸው ሰው የተመሰከረለት ያህል ደስ አላቸው። ከፋለ ግን ወደ ሾፌሩ ተጠጋ። «በቅሎዋን እወዳለሁ አልኩ እንጂ ከሁሉም የምትበልጠው የሴትየዋ ናት።»

«የምን ሴት?»

«ስንቅ ይዛ የምትመጣው! ዘበኛው ‹ከእንግዲህ አያስፈልገውም› ይላታል። ሞቷል ማለቱ ነው። ሌላ ሴት ብትሆን እሪ ትላለች። እሷ ግን አላለቀሰችም። አገልግሏን ከጀርባዋ አውርዳ መሬት ላይ አስቀመጠች። ‹እንግዲያው ስንቅ ለሌለው ስጡት፤ አገልግሉን በሚቀጥለው ስመጣ እወስዳለሁ› አለችው። ብላ ዞር ብላ ሄደች።»

«ፈረንጅ አገልግል የት ያውቃል?» አለ አንዱ እድርተኛ።

ባንቺዓለም እጇ ጭኗ ላይ እንዳለ ቀረ። ያንን ቃል ተናግራዋለች። እንዲያው እንዲህ ብላ፣ ቃል ሳይጨመርበት ሳይቀነስ። ለስንቄ አልነገረችም፤ ለንስሐ አባቷም አልነገረችም። ከዘበኛው በቀር የሰማ አልነበረም።

«እኛም ጠይቀነዋል» አሉ መሪጌታ። «‹ምን ዓይነት ሴት ብትሆን ነው የማታለቅሰው?› አልነው። ‹ካለቀሰችማ ዘበኛውን አመነችው ማለት ነው› አለን። ‹እሷ ደግሞ እሱን ማን ብላ ታምነዋለች?›»

ወልደ ሰንበት ራሱን ነቀነቀ። «መሪጌታ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። በቅሎዋን ትቼላችኋለሁ። ሴት ግን እዚያ ፊልም ውስጥ የለችም። ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ወንድና ድንጋይ ነው። ስንወጣ ‹ሴት የሌለበት ምን ፊልም ይባላል?› ብዬ ተነጫንጬበታለሁ።»

ከፋለ ሊቆጣ አፉን ሲከፍት መሪጌታ ጉልበቱን ያዝ አደረጉት። «ቆይማ ከፋለ። እውነትም መጀመሪያ ላይ አልነበረችም። ጨለማው ክፍል ለብቻው ከርሞ ከተመለሰ በኋላ ነው ያመጣት። ‹ረስቻት ኖሯል› አለን።»

«የቱ ጨለማ ክፍል?» አለ ወልደ ሰንበት።

«ከውጭው በር ጋር በአንድ ግድግዳ የሚዋሰን ነበር። እዚያ ለገባ ሰው ስንቅ አይቀበሉም። ምንም አይታይበትም። በሩ ላይ የሚነገረው ግን ቃል በቃል ይሰማል። እኔም አንድ ሰሞን ከርሜበታለሁ።»

ወንዶቹ ነገሩ ገና አልገባቸውም። ውስጥ ግን ስንቄ ሹክሹክታዋን አቁማለች።

ከግድግዳው ማዶ ነበር። ዘበኛው «አያስፈልገውም» ሲላት ታዘበው ከግድግዳው ማዶ ሆኖ ይሰማታል። መልሷን ሰምቶታል። ደግማ ስትመጣም ሰምቷታል። ስንቄ ስትከሳት ዝም ያለው፣ ከዚያም በኋላ ያልጠየቃት፣ መልሱን ስለሚያውቅ ነው። ባንቺዓለም መጀመሪያ የተሰማት ንዴት ነው። የሞጣ እስረኛ ሁሉ፣ ዘበኛው ጭምር እየደጋገመ የሰማውን እሷ ብቻ ሳትሰማ! አንድ ቀን እንኳ «ሰምቼሻለሁ» ቢላት ምን ነበረበት? ከንዴቱ ሥር ናፍቆቱ ተከትሎ መጣ።

ተነሳች። እግሯ ደንዝዞ ስለነበር የበሩን መቃን ይዛ ወጣች። ወንዶቹ ሲያዩዋት ብድግ አሉ።

«ወልደ ሰንበት» አለች። ድምፅዋ ሻክሯል። «እውነት ሴት የለችበትም?»

«የለችም እትዬ። እኔ እኮ አብሬው ነው ያየሁት።»

«ማልልኝ።»

«ታዘበው ይሙት!» አለ።

ከልጅነቱ ጀምሮ የሚምለው በወንድሙ ነው፤ ምላሱ ሌላ መሐላ አያውቅም። ካፉ ካመለጠው በኋላ ነው የደነገጠው። ድንኳኑ በሙሉ ደነገጠ። ከፋለ ባርኔጣውን ከራሱ አወረደ። ወልደ ሰንበት በሁለት እጁ አፉን ያዘ።

«ሞቷል እኮ» አለችው ባንቺዓለም በቀስታ፣ ሕፃን እንደምታባብል።

ይህን ቃል ስትናገረው የመጀመሪያዋ ነው። ዛሬ የነገራት ዘበኛ አይደለም። ዓይኖቹን በእጇ የከደነቻቸው እሷ ራሷ ናት፤ ‹አላምንህም› የምትለው ሰው አልቀረላትም።

ወደ ሴቶቹ ተመለሰች። ስንቄ ልትደግፋት እጇን ዘርግታ ቆማለች። ባንቺዓለም ነጠላዋን ከትከሻዋ አወረደችና ወገቧ ላይ ጠበቅ አድርጋ አሰረችው። ሴቶቹ ተነስተው ሙሾ እንድታወርድ መሐሉን ለቀቁላት።