የዳባሶ ልኬት

"ልኬቱ ጠፍቶበት ነበር እኮ፤ ምስኪን፣ አርጅቶ" አለች ጎረቤታቸው ሸዋርካብሽ። ሹክ ማለቷ ነበር፤ የሷ ሹክሹክታ ግን ድንኳኑን ሁሉ ያዳርሳል። ሻይ የምታዞረው ጉያቱም ሰማቻት። አባቷ ዳባሶ ከተቀበረ ገና ሦስተኛ ቀኑ ነው፤ ሙት ወቃሽ ደግሞ ሣልስት እስኪወጣ አይጠብቅም።

ዳባሶ ነገሌ ውስጥ የትምህርት ቤት ዘበኛ ነበር። ሃያ ዓመት ሙሉ፣ ግንቦት በመጣ ቁጥር፣ የተማሪዎቹን ሩጫ የሚያስጀምረው እሱ ነው፤ በትምህርት ቤቱ አሮጌ ስድስት ጎራሽ ሽጉጥ። ሽጉጡ ጥይት አያውቅም፤ የሚጎርሰው ልቅ ባሩድ ነው፣ ያውም ለድምፅ ብቻ። ዳባሶ ከውድድሩ ቀደም ብሎ ባሩዱን በፍየል ቀንድ ጫፍ ይሰፍራል፣ ትርፉን በአውራ ጣቱ ጠርጎ ወደ ባሩዱ ቆርቆሮ ይመልሳል፣ እያንዳንዱን ስፍር በወረቀት ይጠቀልላል። "ሜዳ ላይ አይሰፈርም" ይል ነበር። "እዚያ እጅ ይቸኩላል፣ ነፋስ ይሰርቃል።"

ዘንድሮ ሽጉጡ ጠቅ፣ ጠቅ፣ ጠቅ ብሎ ቀረ። ልጆቹ መስመሩ ላይ እንዳጎነበሱ ሩጫውን ሊያዩ የመጡት እንግዶች ሳቁ። የስፖርት አስተማሪው ጉግሳም "ጋሽ ዳባሶ፣ ሻይ ቅጠል ነው እንዴ ያጎረሱት?" አለና በፊሽካ አስጀመረ። ዳባሶ ከዚያ ወዲያ ሰው መሃል አልታየም። በሦስተኛው ሳምንት ትኩሳት ይዞት ሞተ።

አሁን ያው ጉግሳ ከወንበሩ ተነስቶ ወደ ጉያቱ ቀረበ።

"እህቴ፣ ጌታ ያጽናሽ። እ... ሽጉጡን ብትሰጪኝ። ከእንግዲህ በፊሽካ ነው፤ እሱን ካሮጌ ብረት ጋር እናስረክበዋለን።"

ለቅሶ መጥቶ ዕቃ የሚጠይቅ ሰው አይጠፋም። ጉያቱ ወደ ጓዳ ገባች። የአባቷን ሳጥን ስትከፍት ከሽጉጡ ጎን ሁለት ጥቅል አገኘች። አንዱ ስድስት ንጹሕ የባሩድ ወረቀት ነው። ሌላው ቢጫ ሆኗል፤ አሸተተችው። ቅቤ፣ ቅቤ ይላል።

ሚያዝያ ላይ ዝናቡ ጣሪያውን ሲያንጠባጥብ፣ የአባቷን ስፍሮች ከቆርቆሮው አውጥታ በእናቷ የወተት ጮጮ ውስጥ የከተተቻቸው እሷ ናት። ጮጮ ውሃ አያስገባም ብላ። ጮጮው ስንት ዘመን ቅቤ እንደጠጣ ግን አላሰበችም።

የአባቷ ጓደኛ ሽማግሌው ዋሪዮ በሩ ላይ ቆመዋል።

"ያውቅ ነበር፣ አባ ዋሪዮ?"

"የዚያኑ ዕለት ነው ያወቀው፣ ኢንታላ ኮ፣ ልጄ።"

"አንቱስ እያወቁ ዝም አሉ?"

"እንናገር ስለው፣ 'በልጄ ከሚስቁ በእኔ ይሳቁ' አለኝ። ከዚያ ቁጭ ብሎ እነዚህን ስድስቱን እንደ አዲስ ሰፈረ።"

ጉያቱ ሽጉጡንና ንጹሑን ጥቅል ይዛ ወጣች። ድንኳኑ ፊት ቆመች።

"ስሙኝ። ባሩዱን ያበላሸሁት እኔ ነኝ፤ ቅቤ በጠገበ ጮጮ አስቀምጬው። አባዬ ልኬቱ አልጠፋበትም። ስድስት ስፍር ትቷል፤ አንዱ እንኳ ከከሸፈ መምህር ጉግሳ ብረቱን ይውሰድ።"

በልጅነቷ ስታየው እንዳደገችው አድርጋ ሽጉጡን አጎረሰች። ወደ ሰማይ አነሳችው።

ጓ!

ነጩ ጭስ ድንኳኑን ጋረደው። ከአጥሩ ማዶ፣ የትምህርት ቤቱ ሜዳ ላይ፣ ዕረፍት የወጡት ተማሪዎች ዳቦ እንደያዙ ወደፊት ተፈተለኩ። ማንም አላዘዛቸውም፤ በዚያ ድምፅ የሚደረገውን ያውቁታል። ሁለተኛው ጮኸ፣ ሦስተኛው፣ አራተኛው። የቀበሌው ጥበቃ እንኳ ድምፁን ለይቶ "ዳባሶ ነው" አለና ተቀመጠ። አምስተኛው ጮኸ። ስድስተኛው ሲጮህ ሸዋርካብሽ ለቅሶ ቤት መሆኑን ረስታ እልል አለች።

"ስም ከመቃብር በላይ ይውላል" አሉ ዋሪዮ፣ ከዘራቸውን መሬት እየመቱ።

ጉግሳ ባርኔጣውን አወለቀ። "በድያቸዋለሁ" አለ። "ሽጉጡ ይቆይ። ለመጪው ግንቦት ግን ማን ይሰፍርልናል?"

"እኔ" አለች ጉያቱ። አባቷን ያኮራችው መሰላት፤ ደስ አላት፣ ደስታዋም አስለቀሳት።

ሰዉ ወደ ቦታው ሲመለስ፣ እሷ ጓዳ ገብታ በአባቷ ዱካ ላይ ተቀመጠች። የፍየል ቀንዱን ከሳጥኑ አነሳች። ባዶ ነበር። አፉን እንደ አባቷ በአውራ ጣቷ ቀስ ብላ ጠረገችና የሌለውን ትርፍ ወደ ቆርቆሮው መለሰች።